ፎረንሲክ ሶሻል ወርክን በዩኒቨርሲቲ ለመሥራት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

ተማሪዎች ምክር ፈልገው ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከዲግሪ ነው። «ፒኤችዲ ይሻላል ወይስ የሙያ ዶክትሬት? ሶሻል ወርክ ትምህርት ክፍል ልግባ ወይስ ክሪሚኖሎጂ (የወንጀል ጥናት)?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። «ከታራሚ ጋር ቁጭ ብለሽ አውርተሽ ታውቂያለሽ?» ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አንዷ ግን «ወንድሜ ታስሮ ሳለ በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ስለ ዲግሪ ሳናነሳ ሰዓቱ አለቀ።

ይህን የምጽፈው በዚህ ሙያ አስተማሪና ተመራማሪ ለመሆን ለሚያስቡ ነው። ፎረንሲክ ሶሻል ወርክ ማለት ሶሻል ወርክና ሕግ የሚገናኙበት ሥራ ነው። አንድ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ማረሚያ ቤት ሲገባ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የአእምሮ ሆስፒታል ሲተኛ፣ በኋላም ሲወጣ፣ በየደረጃው ለሶሻል ወርከር የሚሆን ሥራ አለ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ብዙ ናቸው። ፋዜልና ዳኔሽ በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ያወጡት ጥናት በ12 አገሮች የተሠሩ 62 የዳሰሳ ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። በውስጣቸው ወደ 23,000 የሚጠጉ ታራሚዎች ነበሩ። በምዕራባውያን አገሮች ከ7 ታራሚ አንዱ ሳይኮሲስ (ከእውነታው የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) ወይም ከባድ ድባቴ አለበት የሚል ግምት ላይ ደረሱ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አማራጮቹን የማወዳድረው በአንድ መለኪያ ነው። ይህ መንገድ ወደማጠናው ሰው ያቀርበኛል ወይስ ያርቀኛል? መለኪያው የማይሠራበት ቦታም አለ። እዚያ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ሥራ ይቅደም ወይስ ዶክትሬት?

እኔ ራሴ ከማስተርስ በቀጥታ ነው ዶክትሬት የገባሁት። የመጀመሪያ ጥናቴ በታራሚዎች ላይ ድባቴን መለካት ነበር። መጠይቁ የታወቀ ነው፤ ውጭ ባሉ ሰዎች ላይ በደንብ ተፈትኗል። እንቅልፍ ያጣሉ? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል? ጉልበት ያጥርዎታል? እያልኩ በተራ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን አንድ በዕድሜ የገፉ ታራሚ እስክሪብቶዬን ያዝ አደረጉና አስቆሙኝ። «ልጄ፣ እዚህ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አይጠፋም። ስንት ሆነን አንድ ክፍል እንደምንተኛም አይተሃል። ታዲያ ስለ እንቅልፌ የምትጠይቀኝ ለምንድን ነው?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። መጠይቄ ሕመሙን ከቤቱ ለይቶ አያይም። አንዱ ሰው ከፍተኛ ነጥብ ሲያመጣ ስለታመመ ይሁን ክፍሉ ስለተጣበበ መለየት አልቻልኩም። የሰበሰብኩትን ትቼ እንደገና ጀመርኩ። እዚያ ግቢ ውስጥ ጥቂት ወራት የሠራ ሶሻል ወርከር ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ይነግረኝ ነበር። እኔ ግን የጠየቅኩት ሰው አልነበረም።

ሥራ የሚያስተምረው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ታራሚ ጥያቄ ሲመልስ መልሱን ነገ ማን እንደሚያነበው ያስባል። «ሰው ልጎዳ ብለህ አስበህ ታውቃለህ?» ስትሉት አእምሮው የሚሄደው ወደ አመክሮው ነው። የአእምሮ መድኃኒት እስር ቤት ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚለዋወጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «መድኃኒቴን እወስዳለሁ» የሚለው መልስ ከአንድ በላይ ትርጉም አለው። ድምፁን የማያሰማ ታራሚ ደግሞ «ጨዋ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። ዝምታው ግን ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ላይ ማንበብ ይቻላል። ፊቱን አይታችሁ ስታውቁት ግን የምትጠይቁት ጥያቄ ራሱ ይለወጣል።

ሙያው ራሱ የተወለደው ከሥራ ነው። በ1841 ቦስተን ውስጥ ጆን ኦገስተስ የሚባል ጫማ ሠሪ ፍርድ ቤት ሄዶ በስካር ለተከሰሰ አንድ ሰው ዋስ ሆነ። ሰውየውን ወስዶ ተከታተለው፤ በቀጠሮው ቀን ተለውጦ ዳኛው ፊት አቀረበው። ኦገስተስ በ1859 እስኪሞት ድረስ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆኗል። ዛሬ የፕሮቤሽን ሥራ የሚባለው፣ ማለትም ጥፋተኛውን ከማሰር ይልቅ ውጭ ሆኖ መከታተል፣ ከዚህ ነው የመጣው። በ1899 ቺካጎ ላይ የወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት የተቋቋመውም ጄን አዳምስና ጁሊያ ላትሮፕ ከሚገኙበት፣ ድሆችንና ስደተኞችን ይረዳ ከነበረው የሃል ሃውስ ቡድን ብርቱ ግፊት በኋላ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ሐኪሙ ዊልያም ሂሊ እዚያው ፍርድ ቤት የሚቀርቡትን ልጆች የሚመረምር ክሊኒክ ከፈተ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ምርምሩ የመጣው ሰዎቹ ከተገኙ በኋላ ነው።

በቀጥታ መግባትም ግን ጥቅም አለው። ስታቲስቲክሱ ከእጅ አልወጣም፤ የማንበብ ልማዱ አልጠፋም። ደሞዝ የለመደ ሰው ወደ ተማሪ ኑሮ ለመመለስ ይከብደዋል፤ ቤተሰብ ሲመጣ ደግሞ የበለጠ። ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ሌላም ችግር አለበት። ሥራው ቶሎ እንዲወስን አስለምዶታል። ምርምር ደግሞ ቶሎ አለመወሰንን ይፈልጋል። ረጅም ጊዜ ሠርተው የመጡ ጎበዝ ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ዓመት በጣም ሲጨነቁበት አይቻለሁ። መልሱን ያወቁት ስለሚመስላቸው ጥያቄውን ማስተካከል ያስቸግራቸዋል።

የእኔ ምክር ከ2 እስከ 4 ዓመት መሥራት ነው። ይህ ደግሞ በኋላ ለቅጥርም ይረዳል። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና ባላቸው የሶሻል ወርክ ፕሮግራሞች የተግባር ኮርስ የሚያስተምር ሰው የሶሻል ወርክ ማስተርስና በሙያው ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ እንዲኖረው ይጠበቅበታል። ያለዚያ ፒኤችዲ ይዛችሁም ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ማስተማር የምትፈልጉትን ኮርስ ላታገኙ ትችላላችሁ።

ቀጥታ ለመግባት ወስናችሁ ከሆነ ደግሞ አትሸበሩ። ዶክትሬቱን እየተማራችሁ በሳምንት አንድ ቀን ሥራው ያለበት ቦታ ሂዱ። ለመረጃ ስብሰባ አይደለም። ከእስር ለሚወጡ ሰዎች መታወቂያ የሚያወጣ ወይም ማደሪያ የሚፈልግ ድርጅት ካለ እዚያ አግዙ። ወንድሟን ስትጠይቅ የኖረችው ልጅም ይዛው የመጣችው እውቀት ትልቅ ነው። በር ላይ መፈተሽ፣ መጠበቅ፣ ቀጠሮ ተሰርዟል ተብሎ መመለስ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ያ ግን የራሷ ቁስልም ነው። ብቻዋን ተሸክማው እንዳትሠራ ጥሩ የሥራ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋታል።

ፒኤችዲ ወይስ የሙያ ዶክትሬት?

ይህኛው ሰዎች እንደሚያስቡት ከባድ ምርጫ አይደለም። ፒኤችዲ ተመራማሪ ያወጣል። እንግሊዝ ውስጥ በሙሉ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይወስዳል። አሜሪካ ኮርስ ስለሚጨመርበት ይረዝማል። የሶሻል ወርክ የሙያ ዶክትሬት ደግሞ ለሚሠራ ባለሙያ የታሰበ ነው። ሥራ ሳይለቁ የሚማሩት ሰዎች ብዙ ናቸው። ትኩረቱ ክሊኒካዊ ችሎታ፣ አመራርና ማስተማር ላይ ነው።

በእኔ መለኪያ ካየነው የሙያ ዶክትሬቱ ያቀርባል። ከታካሚው ሳትለዩ ትማራላችሁ። ነገር ግን የራሳችሁን ትልቅ ጥናት መምራትና የምርምር ገንዘብ ማምጣት ከፈለጋችሁ በሩን የሚከፍተው በአብዛኛው ፒኤችዲ ነው። ማስተማር፣ የተግባር ልምምድ ተማሪዎችን መከታተል፣ የፎረንሲክ ክሊኒክ ማቋቋም ከሆነ ሕልማችሁ የሙያ ዶክትሬቱን እንደ ትንሽ ዲግሪ የሚያዩትን ሰዎች አትስሙ። ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ልትቀጠሩበት የምትመኙትን ትምህርት ክፍል የመምህራን ዝርዝር አውጥታችሁ ባለፉት ዓመታት የቀጠሯቸው ሰዎች ምን ዲግሪ እንዳላቸው እዩ። ከማንኛውም ምክር በላይ ይህ ይነግራችኋል።

የትኛው ትምህርት ክፍል?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሥራችሁን ለሚቀጥሉት 20 ዓመታት የሚቀርጸው ይህ ነው። ሦስቱ ቤቶች አንድን ታራሚ አይተው የተለያየ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

ፎረንሲክ ሳይካትሪና ሳይኮሎጂ «ይህ ሰው ድርጊቱን ሲፈጽም አእምሮው ምን ላይ ነበር? አሁንስ ምን ላይ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከሕጉ ጋር አብሮ ያደገ ነው። በ1843 ዳንኤል ማክናተን ለንደን ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ ገደለ። ሐሳቡ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሮበርት ፒልን ለመግደል ነበር ይባላል። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ሲባል ሕዝቡ ተቆጣ። ከዚያ የወጣው መመዘኛ ዛሬም በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ አለ፤ ሰውየው የሚያደርገውን ያውቅ ነበር? ስህተት መሆኑንስ? በ1960 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደስኪ ጉዳይ ሌላ መመዘኛ አስቀመጠ። ተከሳሹ ክሱን እውነታውን አውቆ በምክንያታዊነት መረዳትና ከጠበቃው ጋር በአግባቡ መመካከር መቻል አለበት። እዚህ ቤት ከገባችሁ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። መረጃው በሥርዓት ተይዟል፤ ገንዘቡም ይሻላል። የሥጋት ምዘና መሣሪያዎችን፣ ማለትም ሰውየው ወደፊት ጥቃት ሊፈጽም ይችላል ወይ የሚለውን የሚገምቱትን፣ በደንብ ትማራላችሁ። ለምሳሌ ኤችሲአር-20 የተባለው 20 ነጥቦች አሉት። 10ሩ ያለፈ ታሪክን፣ 5ቱ አሁን ያለበትን ሁኔታ፣ ሌሎቹ 5 ደግሞ ወደፊት የሚገጥመውን ያያሉ። ሶሻል ወርከር ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ 5ቱ የሚያመጣው እውቀት ትልቅ ነው። የት ይኖራል? ማን ይረዳዋል? ሕክምናውንስ ይከታተላል? ጉዳቱ ግን አለ። እዚህ ቤት ሶሻል ወርከር ሁለተኛ ድምፅ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የጽሑፉ መጀመሪያ ስም የሐኪሙ፣ የቤተሰቡን ታሪክ የሰበሰበው ሰው ስም ደግሞ መጨረሻ ላይ። ስትገቡ በግልጽ ተነጋገሩ።

ክሪሚኖሎጂ የሚጠይቀው «ተመልሶ ይገባል ወይ?» ብሎ ነው። ይህ ቤት የራሱ ድራማ አለው። በ1974 ሮበርት ማርቲንሰን የተሃድሶ ፕሮግራሞችን ገምግሞ ያወጣው ጽሑፍ «ምንም አይሠራም» ተብሎ ተተረጎመ። በ1979 እሱ ራሱ አቋሙን አለዘበ። ወሬው ግን ቀድሞ ሄዷል። በ1990 ካናዳውያኑ አንድሩስ፣ ቦንታና ሆጅ መልስ ሰጡ። ተሃድሶ የሚሠራው ሰውየው ባለበት የሥጋት መጠን ልክ ሲደረግ፣ ከወንጀሉ ጋር የተያያዘ ችግሩ ላይ ሲያተኩርና እሱ በሚገባው መንገድ ሲቀርብ ነው አሉ። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገርም ከዚሁ ቤት ወጣ። ቦንታና ባልደረቦቹ በ1998 እንዳሳዩት፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ጥፋተኞች ወደ ወንጀል የሚመልሳቸው ሌሎቹን ከሚመልሳቸው ነገር ብዙም አይለይም። ያለፈ የወንጀል ታሪክ ከሕመሙ ስም የበለጠ ይተነብያል። ይህ ለእኛ ሙያ ከባድ ትምህርት ነው። መድኃኒቱን ብቻ ሰጥተን «አይመለስም» ማለት አንችልም። መድኃኒቱን የምንሰጠው ስለታመመ ነው፤ ያ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ላለመመለሱ ግን ቤቱንም፣ ጓደኞቹንም፣ ሱሱንም፣ ሥራውንም ማየት ይኖርብናል። ክሪሚኖሎጂ ቤት ብትገቡ ይህን አይነት ጥንቃቄ ትማራላችሁ። ጉዳቱ የሰውየው ስቃይ በራሱ የሚለካ ውጤት ሆኖ አለመቆጠሩ ነው። በ2 ዓመት ውስጥ ካልታሰረ «ተሳካ» ይባላል። ድልድይ ሥር ያድር ይሆናል፤ ሠንጠረዡ አያይም።

ሶሻል ወርክ «ይህ ሰው የማን ልጅ ነው? የሚመለሰው ወዴት ነው?» ይላል። እኔ የምኖረው እዚህ ስለሆነ ማዳላቴ አይቀርም። ቤተሰቡ፣ ልጆቹ፣ የተጎዳው ወገን፣ ከእስር በኋላ ያለው ማደሪያ፣ ሁሉም በአንድ ሥዕል ውስጥ የሚታዩት እዚህ ነው። ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። በብዙ ትምህርት ክፍሎች ፎረንሲክ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ ሕፃናት ላይ፣ አረጋውያን ላይ፣ የማኅበረሰብ ልማት ላይ ናቸው። ብቸኛ ትሆናላችሁ። ሥራችሁን የሚገመግም፣ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚላችሁ ሰው ግቢ ውስጥ አታገኙም። የምርምር ገንዘቡም አነስ ይላል። አንዳንድ ባልደረባም «ለምን ወንጀለኛ ላይ ትደክማለህ፣ ተበዳዮቹ እያሉ» ይላል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። የእኔ መልስ እስር ቤት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ልጅ ሆኖ የተበደለ መሆኑ ነው።

ከሦስቱ የቱን ልምረጥ ለምትሉኝ እንዲህ እላለሁ። ጠዋት ስትነሱ የሚያብከነክናችሁ የፍርድ ቤት ጥያቄ ከሆነ፣ ማለትም ኃላፊነትና ብቃት ከሆነ፣ ሆስፒታሉ ጋ ሂዱ። ፖሊሲ መለወጥ ከሆነ ክሪሚኖሎጂ ጥሩ ቁጥር ይሰጣችኋል። ሰውየው በር ከወጣ በኋላ ያለው ሕይወት ከሆነ የሚያንገበግባችሁ ሶሻል ወርክ ግቡ፤ ግን ከመግባታችሁ በፊት ከሌሎቹ ሁለት ቤቶች አንድ አንድ ሰው ወዳጅ አድርጉ። ሁለተኛ አማካሪያችሁ ከሌላ ትምህርት ክፍል ቢሆን ብቸኝነቱ ይቀንሳል።

ፊት ለፊት ወይስ መዝገብ?

መለኪያዬ የሚሰበርበት ቦታ ይህ ነው።

ፊት ለፊት ቃለ መጠይቅ የሚሠራ ሰው ቅርብ ነው። የአንድን ሴት የሦስት ሰዓት ታሪክ ይሰማል። መዝገብ የሚያጠና ሰው ግን አንድም ታራሚ ሳያይ ሥራውን ሊጨርስ ይችላል። ልቤ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል። ሆኖም በዚህ ዘርፍ ካነበብኳቸው ሁሉ በጣም ያስደነገጠኝ የመዝገብ ጥናት ነው። በ2007 ቢንስዋንገርና ባልደረቦቿ ከዋሽንግተን ግዛት እስር ቤቶች የወጡ 30,237 ሰዎችን መዝገብ ከሞት መዝገብ ጋር አገናኙ። ከእስር በወጡ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ 12.7 እጥፍ ነበር። ዋናው ምክንያት ከመጠን ያለፈ ዕፅ ነው። እስር ቤት ሳሉ ሰውነታቸው የለመደውን መቋቋም አጥቷል። ወጥተው የድሮውን መጠን ሲወስዱ ይገድላቸዋል።

ይህን በቃለ መጠይቅ ማወቅ አይቻልም። የሞተ ሰው አይጠየቅም። እኔ ከ40 ሰው ጋር ቁጭ ብዬ የማላየውን አንድ ሠንጠረዥ አሳየ። ስለዚህ መራቅ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። አንዳንዱ ነገር የሚታየው ከሩቅ ነው።

ታዲያ እንዴት ትመርጣላችሁ? ጥያቄያችሁ «ስንት፣ መቼ፣ ከማን ይበልጣል» ከሆነ መዝገብ። «ለምን፣ እንዴት፣ ምን ተሰማህ» ከሆነ ሰው። ጊዜንም አስቡ። መዝገብ አንዴ ፈቃድ ካገኛችሁ ብዙ ጽሑፍ ያወጣላችኋል። ቃለ መጠይቅ በር ላይ ይጠብቃል፤ ይቀጠራል፤ ይሰረዛል፤ ሰውየው ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ይዛወራል። የሥራ ዕድገታችሁ በጽሑፍ ብዛት የሚቆጠር ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለወጣት ተመራማሪ የምመክረው ዶክትሬቱ ውስጥ ሁለቱንም መንካት ነው። አንድ የመዝገብ ምዕራፍ፣ አንድ የቃለ መጠይቅ ምዕራፍ። ፈቃዱ ቢዘገይ ቢያንስ አንዱ ይንቀሳቀሳል።

ማረሚያ ቤት፣ ሆስፒታል ወይስ ውጭ?

ማረሚያ ቤት ፈቃዱ በጣም ከባድ ነው፤ መክበዱም ልክ ነው። ፊላዴልፊያ ውስጥ በሆምስበርግ እስር ቤት ከ1951 እስከ 1974 ድረስ ታራሚዎች ላይ የቆዳ መድኃኒትና ሌላ ብዙ ነገር ተሞክሯል። ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። ምንም ለሌለው እስረኛ ጥቂት ገንዘብ «እምቢ» ማለትን ከባድ ያደርጋል። አሜሪካ በ1978 ለታራሚዎች የተለየ የምርምር ጥበቃ ያወጣችው ከእንዲህ ያለ ታሪክ በኋላ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሲያስቸግራችሁ ይህን አስቡ። እንዲስማማ የምትሰጡት ስጦታ እምቢ የማለት ነፃነቱን ምን ያህል ይነካል? እምቢ ቢል ጠባቂው ያውቃል ወይ? እነዚህን በደንብ ሳትመልሱ አትግቡ።

የፎረንሲክ ሆስፒታል ይረጋጋል። ሰዎቹ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ፤ ስለዚህ ለውጥን በጊዜ ውስጥ ማየት ይቻላል። እንግሊዝ ውስጥ ብሮድሙር የተባለው እንዲህ ያለ ሆስፒታል ከ1863 ጀምሮ ክፍት ነው። በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች በ109ኛው ደንብ በአእምሮ ሕመም ምክንያት በወንጀል ተጠያቂ ያልሆነ ሰው እስር ቤት መቆየት እንደሌለበት፣ በተቻለ ፍጥነት ወደ አእምሮ ጤና ተቋም እንዲዛወር ይላሉ። ይህ ደንብ በተግባር የት ድረስ እንደሚከበር ማጥናት ራሱ የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ዘመን ሊሆን ይችላል።

ውጭ፣ ማለትም ከእስር በኋላ፣ ፈቃዱ ቀላል ነው፤ ሰዎቹን ማግኘት ግን ከባድ። ስልክ ይቀየራል፤ አድራሻ የለም። ብዙ ተማሪ ከዚህ ይሸሻል። እኔ ግን ዛሬ ብጀምር እዚህ ነበር የምጀምረው። የ2 ሳምንቱን ቁጥር አስታውሱ።

በሦስቱም ቦታ አንድ ነገር አይቀርም። ሁለት ጌታ ይኖራችኋል። ሰውየው የነገራችሁን ትጠብቃላችሁ፤ ተቋሙ ደግሞ ደኅንነት ይፈልጋል። በ1976 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታራሶፍ ጉዳይ የሥነ ልቦና ሐኪም ታካሚው ሰው ሊጎዳ እንደሆነ ካወቀ ተጠቂውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት ብሏል። በሌሎች ቦታዎች ሕጉ ይለያያል። እናንተ ግን መቅረጫውን ከማብራታችሁ በፊት ለሰውየው በግልጽ ንገሩት። «ይህንን፣ ይህንን ብትነግረኝ ምስጢር ልጠብቅልህ አልችልም።» ይህን ሲሰሙ የሚነሱ አሉ። ይነሱ። የቀሩት ያመኗችሁ ናቸው።

ማስተማር ወይስ ምርምር?

አጭር ነው መልሴ። ምርምር የሚበዛበት ቅጥር ገንዘብ አምጡ፣ ጻፉ ይላል። ማስተማር የሚበዛበት ደግሞ ጊዜያችሁን ለተማሪ ይሰጣል፤ ነገ ማረሚያ ቤት የሚሠራው ሰው የሚወጣው ከእናንተ ክፍል ነው። ክሊኒካዊ ቅጥር የሚባለው ሦስተኛ መንገድ ተማሪዎችን ሥራ ቦታ ድረስ ይዞ መሄድ ነው፤ በመለኪያዬ በጣም የሚቀርበው እሱ ነው። ደሞዙና የሥራ ዋስትናው ግን ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፤ ውሉን በጥንቃቄ አንብቡ።

የትኛውንም ብትመርጡ ግን የወንጀል ፋይል ማንበብ ሰውን ይጎዳል። ሕፃን ላይ የተፈጸመ ነገር አንብባችሁ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ልጆቻችሁን የምታዩበት ዓይን ይለወጣል። እንቅልፍ ይጠፋል። ይህ ድክመት አይደለም። በየሳምንቱ የምታወሩት አንድ ሰው ይኑራችሁ። ለቃለ መጠይቅ ጽሑፍ ገልባጮቻችሁም ይህን አስቡ፤ ድምፁን ደጋግመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው።

አማካሪ ስትመርጡ

ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ አማካሪው ራሱ ይበልጣል። ከማመልከታችሁ በፊት ቀጠሮ ያዙና ጥቂት ነገር ጠይቁ። ማረሚያ ቤቱ ወይም ሆስፒታሉ ጋ ፈቃድ ለማግኘት ባለፈው ጊዜ ስንት ወር ፈጀባቸው? እዚያ ያሉ ኃላፊዎች ስልካቸውን ያነሳሉ? ይህ ግንኙነት ያለው አማካሪ ዓመት ይቆጥብላችኋል። ከዚያ ቀደም ሲል ያመረቋቸውን ተማሪዎች ስም ጠይቁና ከሁለቱ ጋር ለብቻ አውሩ። «ስትጨነቁ ምን አሉ?» በሏቸው።

በመጨረሻ አማካሪውን ራሱን አንድ ነገር ጠይቁ። «ታራሚ ወይም ታካሚ ካናገሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አንዳንዱ ያስባል፤ ዓመቱን ይቆጥራል። አንዷ የማውቃት ፕሮፌሰር ግን አንዲት ተማሪ ይህን ስትጠይቃት ሰዓቷን አየች። «ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አለኝ። ትመጫለሽ?» አለቻት።